ከአልጋ ላይ ለመጫወት፦ የአንድ ርካሽ ቲቪ ማስታወሻ፣ ደብረ ብርሃን

ጥቅምት 3 ቀን 2017

ብርዱ ገብቷል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከጥቅምት እስከ ጥር ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ ጠረጴዛ ጋ ተቀምጦ ጌም መጫወት ቅጣት ነው። ትናንት ጣቴ ደንዝዞ ማውሱን መጫን አቃተኝ። የሞትኩት በጠላት ሳይሆን በብርድ ነው ማለት ይቻላል።

ያሰብኩት እንዲህ ነው። ሞኒተሩ ጠረጴዛው ላይ ይቅር። ከአልጋው ፊት ለፊት ሁለተኛ ስክሪን ይቁም። ተኩስ ያለበት ጌም ሞኒተሩ ላይ፣ ፊፋና ጂቲኤ ግን ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኜ በጆይስቲክ። ሞኒተሩ ላይ ስጫወት ደግሞ ቲቪው ላይ ዲስኮርድ ወይም ኳስ ይከፈታል።

ያለኝ ዕቃ፦ ከቢሮ የወጣ ያገለገለ ዴስክቶፕ፣ ኮር አይ 5 አራተኛ ጄኔሬሽን፣ 16 ጊጋ ራም፣ ጂቲኤክስ 1650 ካርድ። ሞኒተሩ 24 ኢንች፣ 1080ፒ። ሞኒተሩን በዲስፕሌይ ፖርት ሰክቼዋለሁ፤ ኤችዲኤምአዩ ነፃ ነው።

በጀት 18,000 ብር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ የኤሌክትሮኒክስ ዋጋ አይቀመስም። በዚህ ብር ወይ አዲስ 32 ኢንች ነው፣ ወይ ያገለገለ 43።

ዛሬ አንድ ነገር ሠራሁ። ካርቶን ቆርጬ ግድግዳው ላይ ለጠፍኩ። 32 ኢንች ማለት 71 በ40 ሴንቲ ነው፣ 43 ደግሞ 95 በ54። ከትራሴ እስከ ግድግዳው 2 ሜትር ከ20 ነው። ተኝቼ አየኋቸው። 32ቷ የሱቅ መስኮት ትመስላለች። 43ቱ ልክ ነው። ኪሴ ግን 32 አለ፣ እኔም እሺ አልኩት።

ጥቅምት 9

ከተማ ውስጥ ካለ አንድ ሱቅ 32 ኢንች ገዛሁ። አዲስ፣ ስማርት፣ ስሙን ሰምቼው የማላውቀው ብራንድ። 15,500 ብር። ጥጉ ላይ “ፉል ኤችዲ 1080ፒ” የሚል ስቲከር ተለጥፏል። ሻጩ ቪዲዮ ከፈተልኝ። ሱቅ ውስጥ የሚከፈተው ሁሌም አበባ፣ ወፍና የሚንጠባጠብ ማር ነው። በማር ቪዲዮ የማያምር ቲቪ የለም።

ጥቅምት 10

አንድ ነገር ልክ አይደለም። ጌሙ ከሩቅ ሲታይ ደህና ነው። የዊንዶውስ ፊደል ግን የተሻሸ ይመስላል፤ በተለይ ትንንሹ ጽሑፍ። ዊንዶውስ 1920×1080 ነው ይለኛል። ክሊርታይፕ አስተካከልኩ። የቲቪውን ሻርፕነስ ዜሮ አደረግኩ። ኬብል ቀየርኩ። ያው ነው።

ማታ በፔይንት መፈተኛ ሠራሁ። 1920 በ1080 የሆነ ነጭ ገጽ ላይ አንድ ፒክስል ጥቁር፣ አንድ ፒክስል ነጭ፣ እያልኩ ቀጥ ያለ መስመር። አንዷን ሠርቶ ኮፒ እያደረጉ መደርደር ነው፣ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ፎቶውን መቶ በመቶ ሙሉ ስክሪን አድርጌ ሞኒተሩ ላይ ስከፍተው እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ተለይቶ ታየ። ቲቪው ላይ ስወስደው ሌላ ነገር ሆነ፤ ወፍራምና ቀጭን ግራጫ መስመር፣ እንደ ነጠላ ጥለት።

ያኔ ገባኝ። ከጀርባው ያለውን የሞዴል ቁጥር አውጥቼ ፈለግኩ። ፓነሉ፣ ማለትም ምስሉን የሚያሳየው ስክሪን ራሱ፣ 1366×768 ነው። ቲቪው 1080ፒ ሲግናል ይቀበላል፣ ከዚያ አጭቆ በትንሹ ስክሪን ላይ ያሳያል። ስቲከሩ የሚናገረው ስለሚቀበለው እንጂ ስለሚያሳየው አይደለም። 1920 ሲባዛ በ1080 ሁለት ሚሊዮን ፒክስል ነው፤ 1366 በ768 አንድ ሚሊዮን ብቻ። ግማሹ የለም ማለት ነው። ለሱቅ ማስታወቂያ ችግር የለውም፤ ለኮምፒውተር ፊደል ግን አይሆንም።

1360×768 አድርጌም ሞከርኩ። ትንሽ ጠራ። ግን የጌሙ ሜኑ ከስክሪኑ ሊወጣ ደረሰ።

ጥቅምት 12

ካርቶኑንና ፕላስቲኩን አልጣልኩም ነበር፤ ያ አዳነኝ። ሻጩ መጀመሪያ “ፉል ኤችዲ ይቀበላል እኮ ነው ያልኩህ” አለኝ። እውነቱን ነው፣ ይቀበላል። ከግማሽ ሰዓት ጭቅጭቅ በኋላ 1,000 ብር ቆርጦ መለሰልኝ። አከራዬ ካርቶኑን ተሸክሜ ስወጣ አይተውኝ ስለነበር ስመለስ ጠየቁኝ፣ ነገርኳቸው። “ያልጠረጠረ ተመነጠረ አሉ ልጄ” ብለው ቡና አቀረቡልኝ።

ጥቅምት 24

አስር ቀን ሙሉ ሳነብ አመሸሁ። ያገኘሁትን ለራሴ ላስቀምጠው።

“ስማርት” ለኔ ምንም አይደለም። ከጀርባው ኮምፒውተር ለሚሰካበት ቲቪ ዩቲዩቡም አፑም ትርፍ ነው። የምፈልገው ፓነል፣ ጌም ሞድ (ምስል ማሳመሩን ትቶ መዘግየቱን የሚቀንስ ሴቲንግ) እና ጤነኛ ኤችዲኤምአይ ነው። ገበያው ደግሞ ዋጋ የሚቆርጠው በስማርቱ ነው። ስለዚህ ስማርቱ የተበላሸ፣ ፓነሉ ደህና የሆነ ቲቪ ካገኘሁ ሻጩ እንደ ብልሽት ይሸጥልኛል፣ እኔ እንደ ሙሉ ዕቃ እገዛዋለሁ።

“ሞሽን ሬት 120” የሚለው ጽሑፍ 120 ሄርዝ፣ ማለትም በሰከንድ 120 ምስል፣ ማለት አይደለም። ብዙዎቹ 60 ሄርዝ ናቸው፤ ቁጥሩ የማስታወቂያ ነው።

4ኬ ምን ያደርግልኛል? 1650 ካርዴ በ4ኬ ከባድ ጌም አይጎትትም፣ እሱ ግልጽ ነው። ግን 4ኬ ማለት 3840×2160 ነው፤ በወርድም በቁመትም ልክ የ1920×1080 ሁለት እጥፍ። አንዱ የጌም ፒክስል አራት የስክሪን ፒክስል ይሆናል፣ የሚጨናነቅ ነገር የለም። የ1650 ድራይቨር ውስጥ ኢንቲጀር ስኬሊንግ የሚባል አለ፣ ይህንኑ ነው የሚሠራው። ጌም በ1080ፒ፣ ዴስክቶፕ በ4ኬ። ፊደሉም 43 ኢንች ላይ በኢንች 102 ፒክስል ገደማ ይሆናል፤ ከ24 ኢንች ሞኒተሬ (92) ይበልጣል። የመለስኩት 32 ኢንች 49 ነበር።

አንድ መጠንቀቂያ፦ አንዳንድ ርካሽ 4ኬ ቲቪዎች ከቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ሌላ ነጭ ነጥብ ይጨምራሉ። ብርሃን ይቆጥባል፣ ፊደል ግን ያበላሻል። ነጭ ገጽ ከፍቶ በስልክ ካሜራ በጣም ቀርቦ ፎቶ ማንሳት ነው፤ ነጥቦቹ ይቆጠራሉ።

አዲስ አበባ ላለው የአክስቴ ልጅ ይህን ሁሉ ላክሁለት። “አንተ ቲቪ ነው ወይስ ሚስት የምትመርጠው?” አለኝ። ግን ፈለገልኝ።

ኅዳር 1

እሑድ። ማለዳ ወርጄ አዲስ አበባ ገባሁ። ዕቃው 43 ኢንች ሳምሰንግ፣ የ2018 ሞዴል፣ 4ኬ፣ ከሰው ቤት። ዋይፋዩ ሞቷል፣ ሪሞቱ ጠፍቷል። የተጠየቀው 19,000።

የአክስቴን ልጅ ላፕቶፕ፣ አጭር ኬብል፣ እና መንገድ ላይ በ400 ብር የገዛሁትን ሁለገብ ሪሞት ይዤ ሄድኩ። ሪሞት ሳይያዝ ያገለገለ ቲቪ መፈተሽ አይቻልም። ከሥር ያለችው አንድ ቁልፍ ቻናልና ድምፅ ትቀይራለች እንጂ የሚፈለገው ሜኑ ውስጥ አታስገባም።

የፔይንቷን ማበጠሪያ በ4ኬ ሠርቼ ይዣት ነበር። ከፈትኳት፣ ጥርሶቹ አንድ በአንድ ታዩ። ከዚያ ሙሉ ነጭ፣ ሙሉ ጥቁር፣ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ። ነጩ ላይ በስተቀኝ ከታች ጥጉ ትንሽ ጠቆር ይላል። አንድ የሞተ ፒክስል መሃል አካባቢ አለ፤ ከአንድ ሜትር በላይ ሲርቁ አይታይም። ነጩን እንደከፈትኩ 40 ደቂቃ ተውኩት። የባክላይት (ከፓነሉ ጀርባ ያለው መብራት) ችግር ሲሞቅ ነው የሚወጣው ስለሚባል። ቡና ጠጣን። አልጠፋም፣ አልተንቀጠቀጠም።

16,000 ላይ ተስማማን። ባለቤቱ “ዋይፋዩ ቢሠራ 24 ነበር የምልህ” አሉ። ዋይፋዩ ቢሠራማ እኔም እዚያ ቤት አልገባም ነበር።

መመለሻው ሌላ ሥራ ነው። ካርቶን የለውም። ቤት ያለኝን የመንዝ ባና ይዤ ወርጄ ስለነበር ፊቱ ላይ አንድ ለስላሳ ካርቶን አድርጌ በባናው ጠቀለልኩትና በገመድ አሰርኩት። ላምበረት መናኸሪያ ላይ “አናት ላይ ይጫን” አሉኝ፣ እምቢ አልኩ። ቲቪ ተኝቶ አይሄድም፣ መስታወቱ ይጎብጣል። የአንድ ሰው ወንበር ከፈልኩለት፣ 300 ብር። ረዳቱ ባናውን አይቶ “ታማሚ ነው እንዴ?” አለ። ሰንዳፋን፣ ሸኖን፣ ጫጫን ሁሉ ታማሚዬን አቅፌ አለፍኩ።

ኅዳር 2

ማታ አልሰካሁትም። መኪናው ውስጥ ቀዝቅዞ ነበር፤ እኔ ክፍል ደግሞ ከሰል ተቀጣጥሎ ሻይ ይፈላል። ባናውን ስፈታው መስታወቱ ላይ ጤዛ ያዘ። በጣቴ ጻፍኩበት፣ ታየ። ውጭ የሚታየው ውስጥም ሊኖር ይችላል። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ነው የሰካሁት። ሠራ።

ኅዳር 5

ሦስት ነገር አስተካከልኩ።

መጀመሪያ ታስክ ባሩ ግማሹ ከስክሪኑ ውጭ ነበር። ቲቪዎች ከድሮ ጀምሮ የምስሉን ጠርዝ ይቆርጣሉ። ከፒክቸር ሳይዝ ውስጥ “ፊት ቱ ስክሪን” (Fit to Screen) የሚለውን አበራሁ፣ ተመለሰ። ካርዱ ላይ ምስሉን አሳንሰው የሚያስገቡ አሉ፤ አያስፈልግም። ያ ማበጠሪያውን እንደገና ወደ ጥለት ይቀይረዋል።

ሁለተኛ ጥቁሩ። ጂቲኤ ውስጥ ማታ ሲሆን መንገዱ ሁሉ ከሰል ሆነ። ኮምፒውተሩ ከ0 እስከ 255 ይልካል፣ ቲቪው የሚጠብቀው ከ16 እስከ 235 ነበር። በሁለቱም በኩል ፉል (ከ0 እስከ 255) ሲሆን ጥላው ውስጥ ያለው ሰው ታየ።

ሦስተኛው ሌላው ሁሉ ተደምሮ የማያክለው ነው። ፊፋ ከፈትኩ፣ ኳሱን አቀብላለሁ፣ ተጫዋቹ “ቆይ ላስብበት” ይላል። ስሜት ነው ወይስ እውነት? መለካት ፈለግኩ። ሞኒተሩንና ቲቪውን በ1080ፒና በ60 ሄርዝ አንድ ዓይነት ምስል እንዲያሳዩ አደረግኩ፣ ዊንዶውስና ፒ ተጭኖ ዱፕሊኬት ማለት ነው። ብሮውዘር ላይ የሚሮጥ ሰዓት ከፈትኩ። ሞኒተሩን ከቲቪው ጎን አስጠግቼ በስልክ ሁለቱን በአንድ ፎቶ አነሳሁ። አስር ፎቶ። አንዱ ላይ ሞኒተሩ 12.483 ሲል ቲቪው 12.383 ነው። የአስሩ አማካይ ልዩነት 95 ሚሊሰከንድ። በ60 ሄርዝ አንድ ፍሬም 16.7 ሚሊሰከንድ ስለሆነ ስድስት ፍሬም ያህል ወደኋላ ቀርቷል። ቲቪው ምስሉን ይዞ እያለሰለሰ፣ እያጠራ፣ እያሳመረ ነው የሚያወጣው። ለድራማ ጥሩ ነው።

ጌም ሞድ አበራሁ። አሁንም አስር ፎቶ። አማካዩ 18 ሆነ። የምለካው ከሞኒተሩ ጋር ሲነጻጸር ነው፣ ሰዓቱም በየፍሬሙ ነው የሚዘለው፤ ስለዚህ አንድ ፍሬም ወዲህ ወዲያ ሊል ይችላል። ግን 95 ና 18 አይምታቱም። ጌም ሞድ በተለመደው የፒክቸር ሜኑ ውስጥ አይደለም ያለው፣ ጄኔራል ውስጥ ከኤክስተርናል ዲቫይስ ማኔጀር ሥር ነው። ሃያ ደቂቃ ፈለግኩት።

ኅዳር 8

4ኬ ላይ ጥቁር ላይ ያለ ቀይ ጽሑፍ ይፈሳል። ነጩ ጥርት ያለ ነው፣ ቀዩ ግን ውሃ እንደነካው ቀለም። የካርዱን ሴቲንግ ሳየው ሲግናሉ 4፡2፡0 ነው፤ ለአራት ፒክስል አንድ ቀለም ብቻ ይልካል ማለት ነው። ለፊልም አይታወቅም፣ ለፊደል ይታወቃል። ቲቪው ላይ “ኤችዲኤምአይ ዩኤችዲ ከለር” የሚል አለ፤ ኮምፒውተሩ ለተሰካበት ፖርት አበራሁት። የሶርሱን ስም ደግሞ “ፒሲ” አልኩት፤ ስም ብቻ ይመስላል፣ ግን ቲቪው ምስሉን የሚይዝበትን መንገድ ይቀይራል። ቀዩ ጠራ።

ተደሰትኩ። አስር ደቂቃ ሳይሞላ ስክሪኑ ጥቁር ብሎ ተመለሰ። ቀጥሎ በየሦስት ደቂቃው። ካርዱ ጨሰ ብዬ ደነገጥኩ።

ኬብሉ ነው። ከጠረጴዛው እስከ ቲቪው እንዲደርስ 5 ሜትር በ700 ብር ገዝቼ ነበር። 4ኬ በ60 ሄርዝ በሙሉ ቀለም 18 ጊጋቢት በሰከንድ ገደማ ይፈልጋል፤ 4፡2፡0 ግማሹን። ኬብሉ ግማሹን ችሎ ነበር፣ ሙሉውን አቃተው። አጭሩን ስሰካ አንድም ጊዜ አልጠፋም። ማሸጊያው ላይ “4ኬ” ይላል እኮ። ከስቲከሩ ቲቪ ምንም አልተማርኩም።

ረጅም ጥሩ ኬብል ልግዛ ወይስ? ገልብጬ አሰብኩት። ኮምፒውተሩን ራሱን ወደ ቲቪው አስጠጋሁ። 2 ሜትር ኬብል በ900። የሞኒተሩ ገመድ ከበፊቱም በቂ ርዝመት አለው። ጠረጴዛው ጋ ለሚሆነው ማውስና ኪቦርድ የዩኤስቢ ማስረዘሚያ ነበረኝ። ለማውስ ፍጥነት አይጠየቅም፣ ለምስል ይጠየቃል፤ ረጅሙ ገመድ ማውሱ ይሁን።

ኅዳር 13

ትናንት ሚካኤል ነበር፣ ቤት ዋልኩ። ዲሹንም ልሰካ ብዬ የሪሲቨሩን ገመድ በአንድ እጄ፣ የኮምፒውተሩን ቀፎ በሌላው ስይዝ ክንዴን ነዘረኝ። በፊትም ኤችዲኤምአዩን ስሰካ ጭረት የምታክል ብልጭታ አይቻለሁ፣ ንቄያት ነበር።

በመልቲሜትር ለካሁ። በኮምፒውተሩ ቀፎና በዲሹ ገመድ መካከል 96 ቮልት። የኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይ ውስጥ ከሁለቱም የመብራት መስመሮች ወደ ቀፎው የተያያዙ ትንንሽ ካፓሲተሮች አሉ። ግራውንድ (መሬት ሽቦ) ካለ ትርፏን ወደ መሬት ይልኳታል። ከሌለ ቀፎው የ220 ግማሽ ገደማ ላይ ይንሳፈፋል። ከረንቱ ኢምንት ነው፣ ሰው አይገድልም፤ ግን የኤችዲኤምአይ ፖርት ለማቃጠል ይበቃል። የዲሹ ምሰሶ መሬት ውስጥ ነው የተተከለው፣ የኔ ሶኬት ሦስተኛ ቀዳዳ ግን ለጌጥ ነው። ከጀርባው ሽቦ የለም፤ ከፍቼ አየሁት።

እስኪስተካከል ደንብ አወጣሁ። ኤችዲኤምአይ ሲሰካም ሲነቀልም የሁለቱም ሶኬት ይነቀላል፣ ማጥፋት ብቻ አይበቃም። ሁሉም ከአንድ ዲቫይደር።

ኅዳር 17

ኤሌክትሪሻን አመጣሁ። ግቢው ጥግ፣ ውሃ ከሚፈስበት ጋ፣ ጉድጓድ ተቆፈረ። አከራዬ ነጠላቸውን አጣፍተው መጡ።

“ምን ልትቀብር ነው ልጄ?”

“መሬት ሽቦ ነው እማማ። መብራቱ እንዳይነዝር።”

“የኔንስ ምጣድ ያስተወዋል?”

አላሰብኩትም ነበር። ምጣዳቸው እንጀራ ሲያወጡ እንደሚነዝራቸው፣ ለዚያም ነጠላ ጫማ ሳያደርጉ እንደማይጋግሩ ነገሩኝ። ኤሌክትሪሻኑ ሳቀና የምጣዱንም ሶኬት አብሮ አያያዘው። አንድ ሜትር ተኩል የመዳብ ዘንግ፣ ዙሪያውን ከሰልና ጨው፣ ከላይ ሁለት ባልዲ ውሃ። በጋ ላይ እየደረቀ ስለሚሄድ አልፎ አልፎ ውሃ አጠጣው ብሎኛል። ወጪው 3,800 ነበር። እማማ ግማሹን ካልከፈልኩ አሉ፣ እኔም ብዙ አልተከራከርኩም። 1,900 ደረሰብኝ።

አሁን በቀፎውና በዲሹ መካከል 0.6 ቮልት።

ኅዳር 24

ግድግዳ ላይ መስቀል አልተቻለም። ቤቱ ጭቃ ነው። ትራፓኖ ተውሼ በሳሁ፣ ፊሸር ከተትኩ፣ ብራኬቱን በቪቴ አሰርኩ። ቲቪውን ከመስቀሌ በፊት ግን ባለ 10 ሊትር ጀሪካን ውሃ ሞልቼ ሰቀልኩበት። ቲቪውም 10 ኪሎ ገደማ ነው። ጀሪካኑ ለአንድ ቀን ተሰቅሎ አደረ። በነጋታው ከሥራ ስመለስ መሬት ላይ ነበር፣ የድፎ ቁራሽ የሚያክል ጭቃ ይዞ። በማስታወሻዬ ውስጥ ካሉት ውሳኔዎች ሁሉ የምኮራበት ይኼ ጀሪካን ነው።

ብየዳ ቤት ሄድኩ። ባለ 3 ሴንቲ ቱቦላሬ፣ ሁለት እግር፣ ከላይ የላሜራ ሰሌዳ፣ ሰሌዳው ላይ አራት ቀዳዳ 20 በ20 ሴንቲ። 2,800 ብር። ስወስደው አንዱ ጎን 19 ተኩል ሆኖ ተገኘ። በሞረድ ቀዳዳውን ሞላላ አደረግነው።

ቡሎኑ ኤም 8 ነው። አጭሩ አልያዘም፤ የቲቪው ቀዳዳ ወደ ውስጥ ገባ ያለ ነው። ረጅሙ ደግሞ ሳይጠብቅ ጫፉ ደረሰ። በግድ ባጠብቀው ፓነሉን ከጀርባ ይገፋል። ከቱቦ ቁራጭ አራት ማስራቂያ ቆርጬ፣ ሁለት ሁለት ሮንዴላ ጨምሬ፣ በእጅ ብቻ እስኪቆም አስገብቼ ከዚያ በቁልፍ ሩብ ዙር። ተያዘ። ከእግሮቹ ሥር የድሮ ጎማ ቁራጭ አደረግኩ፣ ሊሾው ላይ እንዳይንሸራተት።

ታኅሣሥ 7

መብራት በሳምንት ሦስት ጊዜ ሄዶ መጣ። የሚያስፈራው መሄዱ ሳይሆን አመጣጡ ነው። ስታቢላይዘር ገዛሁ፣ 3,500፣ መብራት ሲመለስ ጥቂት ደቂቃ ጠብቆ የሚለቅ ዓይነት። ቀጭ ቀጭ ይላል ማታ ማታ፤ ለምጄዋለሁ።

አንድ ትንሽ ነገር፦ ቲቪው ጠፍቶ ኮምፒውተሩ ሲበራ አንዳንድ ፕሮግራም እዚያው በጠፋው ስክሪን ላይ ይከፈታል። ዊንዶውስ፣ ሺፍትና የቀስት ቁልፍ አንድ ላይ ሲጫኑ መስኮቱ ወደ ሞኒተሩ ይዘላል።

ባክላይቱን ወደ ግማሽ አወረድኩት። ማታ ለዓይን ይበቃል፣ ኤልኢዲዎቹም ቶሎ አይቃጠሉም። ያች የጠቆረችው ጥግ እንዳታድግ ነው የምፈራው። በየወሩ ነጭ ገጽ ከፍቼ ፎቶ አነሳታለሁ።

ታኅሣሥ 21

ሒሳብ። በመጀመሪያው ቲቪ የከሰርኩት 1,000። ቲቪው 16,000። ወንበሩ 300። ሪሞት 400። የማይረባው ኬብል 700፣ የሚረባው 900። ግራውንድ 1,900። ማቆሚያ 2,800። ስታቢላይዘር 3,500። ድምሩ 27,500 ብር። በጀቱ 18,000 ነበር። ግራውንዱና ስታቢላይዘሩ ለቲቪው ሳይሆን ለቤቱ ነው ብዬ ብቀንስ 22,100 ይሆናል፤ ይህኛውን ቁጥር ነው ለሰው የምነግረው። 5 ሜትሩ ኬብል ለሚፈልግ ይሸጣል፤ 1080ፒ ላይ ችግር የለበትም።

የአክስቴ ልጅ ለገብርኤል በዓል ቁልቢ እሄዳለሁ ብሎ ቀርቶ እኔ ጋ መጣ። ሁለታችንም ብርድ ልብስ ውስጥ፣ እማማ የላኩልን ቆሎ መሃል ላይ፣ ፊፋ። 3 ለ 1 አሸነፍኩት። “ቲቪህ ይዘገያል፣ ኳሱን ስመታ ቆይቶ ነው የሚሄደው” አለ። ስልኬን አውጥቼ አስሩንም የሰዓት ፎቶ አንድ በአንድ አሳየሁት። አላመነም።